አቦል ላይ ቡና አይበቅልም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ስትዘል ሰነበተች። መጀመሪያ የላከልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ከዚያ ሁለት ደንበኞቼ ላኩልኝ። እንዳላየ ሆኜ አለፍኩት። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጉርድ ፎቶ ልትነሳ የመጣች አንዲት እናት ስልኳን አውጥታ "እስቲ ይቺን አሳድገህ አትምልኝ፣ ሳሎን ልስቀላት" አለችኝ። ሳየው ያው ከጽሑፉ ጋር የሚዞረው ምስል ነው። ክብ፣ ቡናማ፣ ዙሪያውን ጭስ የከበበው፣ ከጀበና አፍ የወጣ የሚመስል ፕላኔት። ከሥሩ "አቦል፣ የኢትዮጵያ ፕላኔት" ይላል። ብሩን ተቀብዬ ማተም እችል ነበር። አላስቻለኝም።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። ለኢትዮጵያ በሰማይ ላይ የራሷ ፕላኔት ተሰጥቷታል። ስሟ አቦል ነው፤ እንዲህ የተባለችው ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ መጀመሪያ የተገኘች ፕላኔት ስለሆነች ነው። የምትዞረው ቡና የሚባለውን ኮከብ ነው፣ ኮከቡም ቡናማ ነው፣ የደሴውን ጦሳ ተራራ ለወጣ ሰው በባዶ ዓይን ይታያል። ፎቶዋም ተነስቷል። አፈሯ ለእርሻ ይሆናል፣ ውሃም አላት። ቶና እና በረካ የሚባሉ ሁለት እህቶች አሏት። የሰው ልጅ በ50 ዓመት ውስጥ ይደርስባታል። ማሳረጊያው ደግሞ፣ አፄ ዮሐንስ ደሴ ላይ ሆነው ያዩት ጅራታም ኮከብ የመጣው ከዚያ ነው።

ጸሐፊው ስሙን አልጻፈም። ኮምቦልቻ እንደሚኖር ብቻ ነግሮናል። ስለዚህ ወንድሜ እለዋለሁ።

ወንድሜ፣ እኔ ደሴ ላይ ፎቶ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ሳይንቲስት አይደለሁም። ሰርግ፣ ምርቃት፣ የፓስፖርት ፎቶ፣ ሥራዬ እሱ ነው። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰማይ እወዳለሁ፣ አቦልንም ስም ከወጣላት ጊዜ አንስቶ በዓይኔ ባይሆንም በንባብ ስከታተላት ቆይቻለሁ። ቅር አይበልህ።

ከእውነቱ ልጀምር። ጽሑፍህ ከላይ እስከ ታች ውሸት ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር፤ ያናደደኝ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ቡና የሚባል ኮከብ አለ። እሱን የምትዞር አቦል የምትባል ፕላኔትም አለች። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ከመቶ ለሚበልጡ አገሮች አንድ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ መደበና ስም እንዲያወጡ ጋበዘ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 የሚባል፣ ከመዝገብ ቁጥር በቀር መጠሪያ ያልነበረው ኮከብ ነው። ኮከቡ ቡና ተባለ፣ ፕላኔቷ አቦል። ስሙ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ በእኛ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጸደቀ። ዛሬ ጃፓን ያለ ተመራማሪ የፕላኔቶችን መዝገብ ሲከፍት አቦል የሚል ስም ያገኛል። በቀን ሦስቴ ረከቦት ለሚዘረጋበት ለወሎ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔም ደስ ብሎኛል።

"ተሰጥቷታል" ስትል ግን ቆም በል። ስም ማውጣት ሌላ፣ ባለቤት መሆን ሌላ። ጎረቤትህ ልጅ ወልዶ "እስቲ አንተ ስም አውጣለት" ቢልህ ልጁ የአንተ ይሆናል እንዴ? በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣው የጠፈር ውል ማንም አገር የሰማይ አካልን የእኔ ነው ብሎ መያዝ እንደማይችል በግልጽ ይናገራል። ደግሞ በዚያው ዘመቻ ዮርዳኖሶች አንዱን ኮከብ ፔትራ፣ ፕላኔቱን ዋዲ ራም ብለዋል። ቡርኪና ፋሶዎች ሁለት ወንዞቻቸውን ወደ ሰማይ ልከዋል። ካርታ ያወጣ የለም። አብሽር፣ የሚወስድብንም የለም።

አቦል የተባለችው መጀመሪያ ስለተገኘች ነው ያልከው ደግሞ የራስህ ፈጠራ ይመስለኛል። ስሙ የመጣው ከቡና ሥርዓታችን ነው፤ መጀመሪያ የሚቀዳው አቦል ነው፣ አለቀ። ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ መጀመሪያ የተገኘችው ፕላኔት 51 ፔጋሲ የሚባለውን ኮከብ የምትዞር ናት፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ሚሼል ማዮር እና ዲዲዬ ኬሎ የሚባሉ ሁለት የስዊዘርላንድ ሰዎች አገኟት። በነገርህ ላይ ለዚህ ሥራቸው ኖቤል የተሸለሙት በ2019 ነው፣ አቦል ስም ባገኘችበት ዓመት። አቦል የተገኘችው ከእነሱ 14 ዓመት ዘግይታ በ2009 ነው፣ ካሊፎርኒያ ተራራ ላይ ባለው ሊክ በሚባል የምልከታ ማዕከል። ያኔ የታወቁት ፕላኔቶች በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። አሁን ከ6,000 በላይ ሆነዋል። አቦል በመገኘት ተራ አቦል አይደለችም። በረካም አይደለች። መሐል ላይ ናት።

አሁን ወደ ቡናማው ኮከብ። እዚህ ላይ የተምታታብህ ይገባኛል፣ እኔም አንድ ሰሞን ተምታቶብኝ ነበር። ቡናማ ድንክ የሚባሉ የሰማይ አካላት አሉ። ከፕላኔት የከበዱ፣ ከኮከብ ያነሱ፣ ከ13 እስከ 80 ጁፒተር የሚመዝኑ፤ ሃይድሮጂንን እንደ ፀሐይ ማንደድ ያልቻሉ፣ ኮከብ ለመሆን ሞክረው የወደቁ። የእኛ ቡና ግን ከእነሱ ወገን አይደለም። ሙሉ ኮከብ ነው። ክብደቱ ከፀሐይ ወደ 1.3 እጥፍ ነው፣ ብርሃኑ ደግሞ ከሦስት እጥፍ ያላነሰ። የላይኛው ግለቱ 6,000 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቀለሙ ወደ ነጭ ያደላ ነው። ቡና የተባለው ስለጠቆረ ሳይሆን ሰዎቹ ቡና ስለሚወዱ ነው።

ከጦሳ ላይ በባዶ ዓይን ይታያል? አይታይም። ከጦሳም፣ ከአዝዋ ገደልም፣ ከራስ ዳሸንም አይታይም። ሰው ጨለማ ሰማይ ሥር ሆኖ የሚያየው የድምቀት መጠኑ 6 ገደማ የሆነውን ኮከብ ድረስ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል። ቡና ከ7 በላይ ነው። በባይኖኩላር ግን ይገኛል፣ እንዲያውም ለየአገሩ የተመደበው ኮከብ ከዚያ አገር በትንሽ ቴሌስኮፕ የሚታይ እንዲሆን ሆን ተብሎ ነው የተመረጠው። አይተኸው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትጽፍም ነበር። ስለዚህ እንዴት እንደምታገኘው ልንገርህ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥተህ ፊትህን ወደ ሰሜን አዙር። ቀና በል፣ ከአድማሱ ወደ አናትህ ከሚወስደው መንገድ ሁለት ሦስተኛ ያህል ላይ። ሁለት ደመቅ ያሉ ኮከቦች አሉ፣ በግራ አልማክ፣ በቀኝ አልጎል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ክንድህን ብትዘረጋ ከጭብጥህ ትንሽ ይሰፋል። አልጎልን ካገኘህ ሌላም ጉርሻ አለው፤ ሦስት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው እየጠበቀ ድምቀቱ ቀነስ ይላል፣ ሌላ ኮከብ እየጋረደው። ቡና ከሁለቱ መሐል ላይ ነው። ባለፈው ዓመት እኔና የእህቴ ልጅ መብራት በጠፋበት ምሽት ጣሪያ ላይ ወጥተን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈለግነው። መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ያማርራል፣ እኔ ግን ባይኖኩላሬን አንስቼ ነው የምሮጠው። ነጭ ነጥብ አገኘን። እሱ ይሁን ጎረቤቱ አልማልልህም። እህቴ ከታች ሆና "አገኛችሁት? አቦሉ ሊቀዘቅዝ ነው!" ትላለች። የትኛውን አቦል እንደሆነ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልወቅስህ። ይህን ሁሉ ፈጠራ ስትደረድር እውነተኛውን ጣፋጭ ነገር ዘለልከው። ቡና ያለበት የሰማይ ክፍል ማን እንደሚባል ታውቃለህ? አንድሮሜዳ። አንድሮሜዳ ደግሞ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። እርግጥ የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ወደ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሰው አገር በጅምላ ነበር፣ የዛሬዋን ካርታ ይዘው አይደለም። ቢሆንም ከሰማዩ ሁሉ ቡና የተቀዳው በኢትዮጵያዊቷ ልዕልት ቤት ውስጥ ነው። ይሄን እንዴት ሳትጽፈው ታልፋለህ? በአላህ!

ወደ ፎቶው እንምጣ፣ እሱ የኔ ጎራ ነው። ያ ምስል ፎቶ አይደለም። ሥዕል ነው፣ ኮምፒውተር የሠራው። አቦልን እስካሁን ያነሳት ካሜራ የለም። ለምን እንደሌለ በኛው ሙያ ላስረዳህ። ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ከመስኮት ፊት ለፊት ቆማ ብታነሳት ምን ይሆናል? ፊቷ ይጠቁራል፣ መስኮቱ ሁሉን ይበላዋል። ፕላኔትም ከኮከቡ አጠገብ እንዲሁ ናት። እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም ከዚህ ሆኖ ሲታይ በቡናና በአቦል መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ላሊበላ ላይ አንድ ሰው አውራ ጣቱን አቁሞ አንተ ከደሴ ሆነህ፣ በቀጥታ መስመር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ የዚያን ጣት ስፋት ለማየት እንደ መሞከር ነው። ደግሞ ከጣቱ ጎን የስታዲየም መብራት በርቶበት።

ፎቶ ጨርሶ አይቻልም ማለቴ ግን አይደለም። ሰው ሁሉ የሩቅ ፕላኔት ፎቶ ሲያይ ወይ ሁሉንም ያምናል ወይ ሁሉም ውሸት ነው ይላል፣ ሁለቱም አያዋጣም። ኤችአር 8799 የሚባል ኮከብ አለ፣ ከእኛ ወደ 133 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው ርቀት ነው። አራት ግዙፍ የጋዝ ፕላኔቶች ይዞሩታል፣ አራቱም ፎቶ ተነስተዋል። ሦስቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኑ፣ አራተኛው በ2010፤ ሃዋይ ተራራ ላይ ባሉ ትልልቅ ቴሌስኮፖች ነው የተነሱት። እንዴት ተቻለ? አንደኛ፣ ፕላኔቶቹ ከኮከባቸው በጣም የራቁ ናቸው፤ የመጨረሻው ከእኛ ሲታይ ያለው ክፍተት ከአቦል 50 እጥፍ ያህል ይሰፋል። ሁለተኛ፣ ገና ልጆች ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፤ ከተሠሩበት ጊዜ የቀረው ሙቀት አልበረደላቸውም፣ ከምድጃ የወጣ ምጣድ ማለት ናቸው። ስለዚህ ዓይን በማያየው የሙቀት ብርሃን ራሳቸው ያበራሉ። ተመራማሪዎቹ የኮከቡን ብርሃን ይከልሉታል፣ ወይም ብዙ ምስል ወስደው በስሌት ይቀንሱታል፤ ፀሐይ ዓይንህን ስትወጋህ በመዳፍህ እንደምትጋርዳት። የሚቀረው አራት ነጥብ ነው። ነጥብ ብቻ። ጭስ የለ፣ ቀለበት የለ፣ ደመና የለ። በየዓመቱ የተነሱት ሲደረደሩ ግን ነጥቦቹ ኮከባቸውን ሲዞሩ ይታያሉ፣ እኔ መጀመሪያ ሳየው ፀጉሬ ቆሟል። ጠፈር ላይ ያለው ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ደግሞ እነዚያው ነጥቦች ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳለ ለይቷል፣ ውጤቱ በ2025 ወጥቷል። እነዚህ ነጥቦች ከአንተ ባለጭስ ምስል ይበልጡብኛል።

ታዲያ አቦል ካልታየች መኖሯ እንዴት ታወቀ? ይሄ ነው የነገሩ ውበት። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣንን የሐረጎን መንገድ እያሰብክ ተከተለኝ። አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ወደ አንተ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል። አልፎህ ሲሄድ ይወፍራል። መኪናውን ባታየው እንኳ እየመጣ ይሁን እየሄደ በጆሮህ ትለያለህ። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ኮከብ ወደ እኛ ሲመጣ ብርሃኑ በጣም በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ ይጠጋል፣ ሲርቅ ወደ ቀይ። ፕላኔት ኮከቡን ብቻ አትዞርም፣ እሷም በስበቷ ትጎትተዋለች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደሚሽከረከሩ ልጅና አባት ናቸው፤ ልጁ ሰፊ ክብ ይዞራል፣ አባትየው ግን እሱም ትንሽ መወዛወዙ አይቀርም። ቡና በአቦል ጉተታ በሰከንድ ወደ 100 ሜትር እየፈጠነ ወዲያና ወዲህ ይላል። የእኛ ጁፒተር ፀሐይን የምታወዛውዛት በሰከንድ 12 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ አቦል ከባድ መሆኗ ከዚህ ብቻ ይታወቃል።

ይሄ ውዝዋዜ በወረቀት ላይ ሲነደፍ የሚወጣና የሚወርድ መስመር ይሠራል። የአቦል እውነተኛ መልክ እስካሁን ይቺ መስመር ናት። ለዚያች እናት ስልኬ ላይ አሳየኋት። ትንሽ አየችውና "ይሄማ የልብ ምርመራ ወረቀት ነው፣ ሳሎን የሚሰቀል አይደለም" አለች። እውነቷን ነው።

አፈሯ። ወንድሜ፣ አፈር የላትም። እኔ የምለው፣ ጽሑፍህ ራሱ አንድ ቦታ ላይ "ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት" ይላታል፣ ሁለት አንቀጽ ሳይርቅ በሬ ጠምዶ ያርስባታል። ጋዝ ላይ ማረሻው የት ይገባል? አቦል ቢያንስ ከአራት ጁፒተር በላይ ትመዝናለች፤ በመሬት ሲቆጠር 1,400 ገደማ መሬት ማለት ነው። "ቢያንስ" የምለው የምንለካው ወደ እኛና ከእኛ ያለውን ውዝዋዜ ብቻ ስለሆነ ነው፤ መንገዷ ዘንበል ያለ ከሆነ ክብደቷ ከዚህም ይበልጣል። የዚህ ዓይነት ፕላኔት በአብዛኛው ሃይድሮጂንና ሂሊየም ነው። እግር የምታሳርፍበት መሬት የለውም። ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር ጋዙ እየወፈረ፣ እየጋለ፣ እየጨመቀ ይሄዳል፣ ቀስ በቀስ ፈሳሽ ይሆናል፣ አንተም በዚያው ትቀራለህ። ይሄ በግምት ብቻ የሚወራ አይደለም። በዲሴምበር 1995 ጋሊሊዮ የተባለችው መንኮራኩር አንዲት መሣሪያ ጁፒተር ውስጥ ጥላ ነበር። መሣሪያዋ መረጃ እየላከች የቆየችው ወደ 58 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ሙቀቱና ግፊቱ ዝም አሰኛት። አንድ ሰዓት የማይሞላ! አቦል ተጀምሮ በረካ እስኪጠጣ እንኳ አይበቃም።

ደግሞ ሲከብድ ይሰፋል ብለህ ከሆነ እሱም አይደለም። አራት ጁፒተር ስትመዝን አራት ጁፒተር አትሰፋም፣ ስበቷ ራሷን ይጨምቃታል፤ ስፋቷ ከጁፒተር ብዙም ባይርቅ ነው የሚጠበቀው። ስለ ውሃ የጻፍከውን ደግሞ ከየት እንዳመጣኸው አንተው ታውቃለህ። የአቦልን አየር የለካ የለም።

ስለ አየር ጠባይዋ ግን ማውራት ከፈለግን ከመንገዷ እንነሳ፣ መንገዷ ጉድ ነው። መሬት ፀሐይን የምትዞረው ክብ በሚመስል መንገድ ነው። አቦል ግን እንቁላል በሚመስል በጣም በተለጠጠ መንገድ ነው የምትሄደው። ቅርብ ስትሆን ከኮከቧ ያላት ርቀት ከመሬትና ከፀሐይ ርቀት ያንሳል፣ ሩቅ ስትሆን ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ይደርሳል። አንድ ዙር ለመጨረስ ከ990 ቀን በላይ ይፈጅባታል፤ ስም ከወጣላት ወዲህ ሁለት ጊዜ ያህል ነው የዞረችው። በዚህ ጉዞዋ የሚደርሳት ብርሃን በሩቁና በቅርቡ መካከል ከ15 እስከ 20 እጥፍ ይለያያል። ደሴ ላይ ሐምሌ በጉም ተሸፍነን በረደን ስንል፣ ከዚያ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ላይ ኮት ስናወልቅ ትልቅ ለውጥ ይመስለናል። ይሄ ለአቦል ጨዋታ ነው።

ይኸው መንገድ ስለ ቶና እና በረካም ይናገራል። እንዲህ የሚባሉ ፕላኔቶች አልተገኙም። በቡና ዙሪያ የታወቀችው አንዲት ፕላኔት ናት፣ እሷም አቦል። ሌላ ሊኖር አይችልም አልልም። ትንሽ ከሆነ ወይም ሩቅ ሆኖ ለመዞር ብዙ ዓመት የሚፈጅ ከሆነ ውዝዋዜው ደካማ ነው፣ ለመለየት ዕድሜ ይጠይቃል። ግን አንድ ከባድ ፕላኔት በየሦስት ዓመቱ ገደማ ከቅርብ እስከ ሩቅ እየተወረወረ የሚያልፍበት ሰፈር ለትንሽ ፕላኔት የሚመች አይደለም። ለብ ያለ ውሃ ሊኖርበት ይችላል የሚባለውን ቀበቶ ነው እየሰነጠቀች የምታልፈው፤ በገበያ ቀን ሰኞ ገበያ መሐል ተሳቢ እንደሚነዳ ሰው። ስም ማዘጋጀትህ ግን አይከፋም። ከተገኘ ስሙ አለ።

50 ዓመት? ይሄን ቁጥር ከየት እንዳገኘኸው ብትነግረኝ ቡና እጋብዝሃለሁ። ቡና የሚባለው ኮከብ ከእኛ ወደ 196 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ብርሃን ራሱ፣ ከእሱ የሚፈጥን የሌለው፣ 196 ዓመት ይፈጅበታል። እኛ ዛሬ የምናየው ብርሃን ከዚያ የተነሳው ዘመነ መሳፍንት ሳያበቃ፣ ቋረኛው ካሳ ገና ልጅ ሳለ፣ ደሴ የሚባል ከተማም ሳይኖር ነው። የሰው ልጅ ከላካቸው ነገሮች ሁሉ ሩቅ የሄደችው ቮዬጀር 1 በሰከንድ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ትበራለች። በዚህ ፍጥነት አንድ የብርሃን ዓመት ለመሄድ ከ17,000 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። እስከ ቡና ድረስ? ሦስት ሚሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ። ከኮምቦልቻ በባቲ ቁልቁል ብትወርድ የምታገኘው አፋር ነው፣ ሐዳርም እዚያው ነው፣ ድንቅነሽ የተገኘችበት። እሷ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ድንቅነሽ ያኔ በቮዬጀር ፍጥነት ብትነሳ ኖሮ ዛሬም አልደረሰችም። መንገድ ላይ ናት። አንተ በ50 ዓመት ልታደርሰን ነው።

የቀረው ጅራታም ኮከብ ነው። እዚህ ላይ ልቤ ትንሽ ለሰለሰ፣ ምክንያቱም የምወደው ታሪክ ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚህ አካባቢ ሰፍረው ሳለ ባለ ደማቅ ጅራት ኮከብ ሰማይ ላይ አይተው ተደነቁ፣ ከተማ ይቆርቆርበት አሉ፣ ስሙንም ደሴ አሉት፣ ደስታዬ ለማለት፣ ተብሎ ሲነገር ኖሯል። እንዳልከው በ1882 እ.ኤ.አ. ታላቅ ጅራታም ኮከብ ታይቷል፤ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር የታየ ነው። ግን ከቡና አልመጣም። የኛው ቤት ልጅ ነው። ፀሐይን ለመንካት ትንሽ ሲቀራቸው ታክከዋት ከሚያልፉ፣ ከአንድ ትልቅ አካል ከተሰባበሩ የበረዶና የአቧራ ስባሪዎች አንዱ ነበር፣ ፀሐይን እየዞረ በየብዙ መቶ ዓመቱ የሚመለስ። ፀሐይ አጠገብ ሲያልፍም ልቡ ተሰነጣጥቋል። የሰማይ ነገር ከሰው አገር እስኪመጣልን መጠበቅ አይጠበቅብህም ነበር። ሰማይ ታይቶ ስም የወጣለት ከተማ ውስጥ ተቀምጬ እኮ ነው ይሄን የምጽፍልህ።

እናም ወንድሜ፣ ጽሑፍህን አስተካክለህ መልሰህ ብትልካት ደስ ይለኛል፣ እኔም ለሁሉም አዞርልሃለሁ። ሥዕሉንም አልጠላሁትም፣ ከሥሩ "ሥዕል" ብለህ ጻፍበት እንጂ፣ ያኔ ለዚያች እናትም አትምላታለሁ። ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ ኮምቦልቻ የፋብሪካው መብራት ስለሚያስቸግርህ ሐረጎን ውጣና እኛ ጋ ና። ባይኖኩላሩ አለኝ፣ ጣሪያውም አለ። እህቴ ታፈላለች። ጋቢ ግን ያዝ፣ እዚህ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ብርዱ አይቻልም።